በፕሪንተር ያተምኩት የሉንበርግ ሌንስ ጨረሩን በአንድ በኩል ያዛባብኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አንቴና ላይ የሠራችሁ ወይም ስሪ ዲ ፕሪንተር በደንብ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ለ10 ጊጋኸርዝ የሚሆን፣ ዲያሜትሩ 120 ሚሊሜትር የሆነ የሉንበርግ ሌንስ (የሬዲዮ ሞገድን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚልክ ድቡልቡል ሌንስ) በፒኤልኤ ፕላስቲክ አትሜያለሁ። ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ የሚያዞረውን ፌዝ ሺፍተር ቺፕ በውጭ ምንዛሪ መግዛት ስለማልችል የማዞረው ሆርን አንቴናውን (ሞገዱን ወደ ሌንሱ የሚልከውን የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴና) በሌንሱ ዙሪያ በማንቀሳቀስ ነው፤ የዚህ ሌንስ ትልቁ ውበትም ይኸው ነው። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ (ቁሱ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገየው የሚያሳየው ቁጥር) መሃል ላይ 2፣ ጠርዝ ላይ 1 መሆን ስላለበት የፕላስቲኩን ሙሌት ከመሃል 60 በመቶ ግድም ጀምሬ ወደ ውጭ እያሳሳሁት ሄጃለሁ።

ሆርኑን በአግድም 30 ዲግሪ ሳዞረው ጨረሩም 30 ላይ ይገኛል። ወደ ላይ ሳዞረው ግን 26 አካባቢ ይቀራል፣ የጎን ጨረሩም ያድጋል። ጌይኑ (ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የማጠናከር አቅሙ) ደግሞ 16 ዲቢአይ ነው፤ ለዚህ ስፋት የስሌቱ ጣሪያ 22 ግድም ነው። ፒኤልኤው የሚበላው በኔ ስሌት ከ1.5 ዲቢ አይበልጥም፤ የቀረውን ሁሉ ሆርኑ ብቻውን ያባክነዋል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

የምጠረጥረው የሙሌቱን ቅርጽ ነው። ቀጥ ያሉ መስመሮች ተደራርበው ሲታተሙ፣ የኤሌክትሪክ መስኩ ከንብርብሩ ጋር ትይዩ ሲሆንና ንብርብሩን ሲያቋርጥ የሚያገኘው ዳይኤሌክትሪክ እኩል አይደለም። ሙሌቱን ወደ ጋይሮይድ (በሁሉም አቅጣጫ ተመሳሳይ ወደሆነው ጠመዝማዛ ቅርጽ) ብቀይረው ይስተካከላል? ሌንሱን 90 ዲግሪ አጋድሜ ስለካው መዛባቱ አብሮ ከዞረስ፣ ጥርጣሬዬን ለማረጋገጥ ይበቃል?

ናሙና አትሞ ዳይኤሌክትሪኩን በደብልዩአር 90 ዌቭጋይድ (ሞገድ በሚያልፍበት የብረት ቱቦ) የለካ ካለ ደግሞ፣ በናሙናውና በብረቱ ግድግዳ መካከል የሚቀረውን ክፍተት እንዴት እንዳስተካከለው ቢነግረኝ በጣም አመሰግናለሁ።