ለዴዶ ደጋ የትኛው ዘር ይገዛ፤ ቲማቲም ወይስ ድንች?

በጅማ ዞን በሚገኘው ዴዶ የመስኖ ማኅበሩ በጋራ ገንዘብ ለመስከረም ተከላ ዘር ሊገዛ ነው። ግማሹ አባል ቲማቲምና ቃሪያ ይላል፤ ግማሹ ድንች፣ ጥቅል ጎመንና ካሮት።

ነጋዴዋ፦ እኔ ቲማቲም ነው የምለው። ድንች ሲደርስ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሐሙስ ገበያ ያወርደዋል፤ ዋጋው ወዲያው ይወድቃል።

አግሮኖሚስቱ፦ እህቴ፣ ስለ ዋጋው ልክ ነሽ። ግን ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእኛ ደጋ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል፤ 100 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ብርዱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቲማቲም አበባ በደንብ አይዳቀልም። ቢጫው አበባ ይፈነዳል፤ ከዚያ ዘንጉ ላይ ካለችው አንጓ ተቆርጦ ይረግፋል። በሙቅ ቦታ ችግኙ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ በ80 ቀን የሚደርሰው፣ ደጋ ላይ ከአራት ወር ያልፋል፤ ፍሬው ሳይቀላ የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል። ቃሪያማ ከዚህም የባሰ ብርድ ፈሪ ነው።

ወጣቱ ገበሬ፦ ላስቲክ ብናለብሰውስ?

አግሮኖሚስቱ፦ ጠዋት ጠዋት የላስቲኩ ሁለት ጫፎች ካልተከፈቱ ውስጡ ይታፈናል፣ ቅጠሉ እርጥብ ይውላል፤ ሌት ብላይት የሚባለው ቅጠልና ፍሬ የሚያበሰብስ በሽታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በሽታው ደግሞ ከድንቹም ይሻገራል። ላስቲክ ለችግኝ ይሁን።

አዛውንቱ ገበሬ፦ ድንቹም ቢሆን ዘሩ ካልተመረጠ ኪሳራ ነው። ጉደኔ ወይም በለጠ የሚባለው ዝርያ ይገዛ፤ ለሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ይበቃል። ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ዘር ቀጭን ነጭ ቡቃያ ያወጣና ሲነኩት ይሰበራል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ብርሃን ያለበት ቆጥ ላይ ሲቀመጥ ግን ቡቃያው አጭርና ወፍራም ይሆናል። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተከል፤ ሁለቴ አፈር ይታቀፍ፤ ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ለመብልም አይሆን።

ነጋዴዋ፦ እሺ ጋሼ፣ የገበያውስ ነገር?

አዛውንቱ ገበሬ፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይደርስ ጎመኑን በየሦስት ሳምንቱ መደብ ላይ መዝራት ነዋ፣ ልጄ። ጥቅሉ ሲጠነክር ቶሎ ይቆረጥ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ውኃ ካገኘ ይሰነጠቃል። ካሮት አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እዚያው ማሳው ላይ ይዘራል፤ ያልበሰለ ፍግ ካገኘ ሥሩ መንታ ይሆናል፣ የሚገዛው የለም።

አግሮኖሚስቱ፦ ቆላ ወረድ ያለ መሬት ላላቸው አባላት የቲማቲም ዘር ለብቻ ይገዛ፤ ደጋው ላይ ግን አንድ ፓኬትም አይውጣ።

ነጋዴዋ፦ በዚህ ልስማማ። ካሮቱን ግን አጥባችሁ አንጠፍጥፋችሁ አምጡልን፤ እርጥቡን ጆንያ ውስጥ ካሳደራችሁት ቶሎ ይበላሻል፣ ገዢ ይመልሰዋል።