የድሮ ፎርድ ፒካፕ የሂተርና የኤሲ ቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ ሰው መሃል ከተማ ጠቁሙኝ

የፎርዱ ባለቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። 1995 ሞዴል ፎርድ ኤፍ 250 አለኝ። ቤንዚን ነው፣ ባለ 5.8 ሊትር ቪ8። ሂተሩ ይሞቃል። ኤሲው ይቀዘቅዛል። ፋኑም በደንብ ይነፋል። ችግሩ ንፋሱ የሚወጣበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ እንጦጦ ዳገት ላይ ቤንዚን ስረግጥ ብቻ ነበር ከፊቴ ጠፍቶ ወደ መስታወት የሚሄደው። አሁን ሜዳ ላይም አልመለስ ብሏል። ቁልፉን ወደ እግር ባዞረውም ወደ ፊት ባዞረውም መስታወቱን ብቻ ይነፋል። ኮፈኑ ስር ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ሚኒሞውም ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ድሮ የማሠራው ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ ሰዎቹ የት እንደገቡ አላውቅም። ከሜክሲኮ፣ ከለገሃር፣ ከቂርቆስ፣ ከተክለ ሃይማኖት ብዙ ሳይርቅ ይህን ነገር የሚያውቅ ባለሙያ ካለ ጠቁሙኝ። ቱቦውና ቫልቩ የት እንደሚገኝም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቪትዝ ነጂ፦
ጋዙ አልቆ ነው ወንድሜ። ቫኪዩም አስደርገህ 134 የሚባለውን የኤሲ ጋዝ አስሞላ። ጎተራ አካባቢ ማሽን ያላቸው ልጆች አሉ፣ እዚያው ቆመህ ይጨርሱልሃል።

የፎርዱ ባለቤት፦
አመሰግናለሁ፤ ግን ኤሲው ይቀዘቅዛል ብያለሁ። ጋዝ አልጎደለም። የምለው ቫኪዩም የንፋሱን በር የሚከፍተውንና የሚዘጋውን የሞተሩን የመሳብ ኃይል ነው።

ላንቻ 07፦
እኔም ጋዝ ነው የምለው። የእኔ ኮሮላ ልክ እንደዚህ ሆና ጋዝ ሲሞላ ዳነች።

የሀይሉክስ ነጂዋ፦
ማንም ሰው ዳሽቦርድ እናውርድ ካላችሁ እባካችሁ እሺ አትበሉ! የእኔ ሂተር ውሃ እያንጠባጠበ ምንጣፉን ሲያረጥብ መሃል ከተማ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ዳሽቦርዱን አውርደው የኋላ ወንበር ላይ ወረወሩት። «ዛሬ ይሰጥሻል፣ ነገ ይሰጥሻል» እያሉ አመላለሱኝ። መኪናው ሲመለስ ፍሬቻ አይሠራም፣ የጓንት ሳጥኑ አይዘጋም፣ የተረፈ ቡሎን በፌስታል ሰጡኝ። «ይሄ ትርፍ ነው» አሉኝ! ፋብሪካ ትርፍ ቡሎን ያስራል እንዴ? ሂተሩ አሁንም ያንጠባጥባል።

ሰንጋ ተራ፦
ስሙን ንገሪንና እኛም እንጠንቀቅ።

የሀይሉክስ ነጂዋ፦
አቤቱታ አቅርቤያለሁ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ስም አልጠራም። ፍሬቻውን ሌላ ኤሌክትሪሺያን ሠራልኝ። ሽቦውን ቆንጥጠው ነበር ያሰሩት።

አብነት ልጅ፦
እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል። ሬዲዮኔ ገባ፣ አልወጣም። ማን እንደወሰደው የሚያውቅ የለም።

ቪትዝ ነጂ፦
ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ አጠገባቸው ቆሜ የማሠራው።

የፎርዱ ባለቤት፦
እህቴ በጣም አዝናለሁ። ግን ቫኪዩሙን የሚያውቅ ሰው ማን ነው?

የተክልዬ ደንበኛ፦
ከተክለ ሃይማኖት ወደ በርበሬ በረንዳ ሲወርዱ አንድ ማስተር አለ። አባቴም እሱ ጋር ነበር የሚያሠራው፣ እኔም ሌላ ቦታ ሄጄ አላውቅም። ሰውየው ሐቀኛ ነው። ውሰድለት፣ በውስጥ መስመር አድራሻውን እልክልሃለሁ።

ሰንጋ ተራ፦
የአሜሪካ ፒካፕ ቫኪዩም ሠርቶ ያውቃል?

የተክልዬ ደንበኛ፦
እሱ የማይሠራው መኪና የለም።

ሰንጋ ተራ፦
ምን መኪና ነው አንተ የምታሠራው?

የተክልዬ ደንበኛ፦
አይሱዙ ኤን ፒ አር። ግን መኪና መኪና ነው። ሻይ ሳያጠጣ አይሸኝም፣ ደንበኛ ያከብራል።

ሰንጋ ተራ፦
እንግዲያው ፎርዱን እቤት አቁሞ ለሻዩ ይሂድ።

የተክልዬ ደንበኛ፦
ማሾፍ ይቻላል። እኔ የማውቀውን ነው የተናገርኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁ የታመነ ሰው ነው።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጆች፣ እስቲ ወደ ጥያቄው እንመለስ። የድርጅትና የኤምባሲ የአሜሪካ መኪናዎች ላይ ብዙ ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልናገር።

በእነዚህ ፎርዶች ንፋሱን ወደ ፊት፣ ወደ እግር፣ ወደ መስታወት የሚመሩት በሮች በኤሌክትሪክ ሞተር አይንቀሳቀሱም። የመኪናው ሞተር አየር ሲስብ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቧንቧ) ውስጥ በሚፈጠረው ቫኪዩም ነው የሚሳቡት። ቫኪዩም ሲጠፋ ንፋሱ ወደ መስታወት ይሄዳል። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው፤ ሁሉ ነገር ቢበላሽም ሹፌሩ መንገዱን ማየት አለበት። ስለዚህ ያንተ ምልክት የጋዝ አይደለም። የቱቦ ነው።

ዳገት ላይ የጀመረውም ለዚህ ነው። ቤንዚን ስትረግጥ የማኒፎልዱ ቫኪዩም ይወርዳል። ያን ጊዜ በሮቹን ይዘው የሚያቆዩት ቫኪዩም የሚያጠራቅመው ጋንና አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ካፈሰሰ ንፋሱ ይሸሻል። ጋኑን ኮፈኑ ስር ፈልገው። በአንዳንዱ የቡና ቆርቆሮ የሚመስል ነው፣ ዝጎ ይበሳል። በሌላው ክብ ፕላስቲክ ነው። ቫልቩን ነቅለህ በአፍህ ንፋበት፦ በአንድ በኩል ማሳለፍ፣ በሌላው መዝጋት አለበት። በሁለቱም ካሳለፈ ሞቷል።

ከዚያ ቱቦውን ከማኒፎልዱ ጀምረህ በእጅህ ተከተል። ቀጭኑ ደረቅ ፕላስቲክ በሙቀት ብዛት እንደ ብስኩት ይሰበራል። ባትሪ አጠገብ የሚያልፈውን በተለይ እይ፣ አሲድ ይበላዋል። በዶጅ ራሞቹም ያየሁት ይህንኑ ነው። የተሰበረውን ቆርጠህ ወፈር ያለ የቫኪዩም ጎማ ቱቦ በሁለቱም ጫፍ አጥልቅበት። ሱፐር ግሉ አይረባም፣ በንዝረት ይለቃል። የግሉኮስ ቱቦም አታስገባ። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ቫኪዩም ሲስበው ተጣብቆ ይዘጋል።

ሌላው ዋና ነገር ይህ ነው። መካኒኩ የቫኪዩም መለኪያ ጌጅ ከሰካ የመጽሐፉን ቁጥር ይዞ እንዳያስፈራራህ። መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያነባል ይላል። ያ ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከ10 እስከ 13 ቢያነብ ሞተሩ አልታመመም። በዚህ ምክንያት ብቻ ሞተር ያስወረዱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ከፍታው ቫኪዩሙን ስለሚያሳንሰው ትንሽ ፍሳሽ እንኳ እዚህ ቶሎ ይታወቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከዚያው ማኒፎልድ ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፔዳሉን ወደሚያቀለው) የሚሄድ ወፍራም ቱቦ አለ። እሱን አትንካው። የፍሬን ፔዳሉ ከደነደነ ግን መኪናውን አታንቀሳቅስ፣ መካኒኩ ካለህበት ይምጣ።

የፎርዱ ባለቤት፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ፔዳሉ ደህና ነው።

ላንቻ 07፦
ጋሼ፣ ሚኒሞው ሲንቀጠቀጥ ካንዴላ አይሆንም?

ጡረተኛው መካኒክ፦
ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ቀጭኑን የሂተር ቫኪዩም ቱቦ ከማኒፎልዱ ላይ ነቅለህ ቀዳዳውን ድፈነው። ሚኒሞው ከተስተካከለ ጥፋቱ ቱቦው ነው። ምንም አያስወጣም። ፍሳሹን ለማግኘት ብለው ክሊነር የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ስለሚያስነሳ እኔ አልመክርም።

ሶማሌ ተራ ነኝ፦
ለዕቃው ሶማሌ ተራ ግባ። የፎርድ ብለህ አትጠይቅ፤ ለድሮ አሜሪካ መኪና ዕቃ የለም ይሉሃል ወይም ዋጋ ይቆልሉብሃል። የተሰበረውን ቁራጭ በእጅህ ይዘህ «ይህን የሚያህል የቫኪዩም ቱቦ» በል። ቱቦ ልኩ ከሆነ የየትኛውም መኪና ይሠራል። ቫልቩንም አፉ እኩል ከሆነ ከሌላ መኪና ማግኘት ትችላለህ፤ የፍሬኑ ግን ትልቅ ነው፣ እሱን እንዳይሰጡህ። እዚያው ንፋበትና ሞክረህ ግዛ።

የሀይሉክስ ነጂዋ፦
እና የትም ብትወስደው ከመስጠትህ በፊት የዳሽቦርዱን ፎቶ አንሳ። የሚሠራውንና የማይሠራውን ጻፍና አስፈርም። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ዛሬ በክርክር አልመላለስም ነበር።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልክ ብለሻል ልጄ። ዳሽቦርድ የሚወርደው ኮፈኑ ስር ያለው ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ ነው። ከዚያ በፊት የጓንት ሳጥኑ ብቻ ወጥቶ ብዙ ነገር ይታያል። የውስጡ ቱቦዎች ባለ ቀለም ናቸው፤ ሳይነቀሉ በፊት እነሱንም ፎቶ አንሳቸው።

የፎርዱ ባለቤት፦
ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። ባትሪው አጠገብ ነው የተሰበረው! ቀድሞ የነበረው ሰው በግሉኮስ ቱቦ ቀጥሎት ኖሯል፤ ልክ ጋሼ እንዳሉት ለስልሶ ተጣብቋል። ጋኑ ፕላስቲክ ነው፣ ደህና ይመስላል። ቁራጩን ይዤ ቅዳሜ እወጣለሁ።

የተክልዬ ደንበኛ፦
ታዲያ ማስተሩ ጋ ትመጣለህ? ደውዬ ልንገረው?

ቪትዝ ነጂ፦
ከቱቦው በኋላ ጋዙንም አስለካው፣ አይጎዳም።

ሶማሌ ተራ ነኝ፦
ቅዳሜ ጠዋት ና።

ሰንጋ ተራ፦
ሰውዬው፣ መጨረሻ የት አሠራኸው? እኔም ፎርድ የያዘ ጎረቤት አለኝ።

ፓጄሮ 97፦
ሰላም፣ አዲስ ሰው ነኝ። የእኔ ሂተር ጭራሽ አይሞቅም፣ ራዲያተሩ ግን ሙሉ ነው። ይህም ቫኪዩም ነው?

ጡረተኛው መካኒክ፦
የለም። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ሂተሩ የሚገቡትን ሁለት የውሃ ጎማዎች በጥንቃቄ ዳስሳቸው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ውሃው እያለፈ አይደለም። የሂተሩ ራዲያተር ተደፍኗል ወይም የውሃው ቫልቭ አልተከፈተም። ሁለቱም ከቀዘቀዙ ቴርሞስታቱን አስይ።