የገጠር ሰው «ስፖርት አልሠራም» ሲል ምን ብለን እንመዝግብ?

ደጋማው (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ደጋማ የእርሻ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ18 በላይ የሆኑ ሰዎች ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ እየመዘገብን ነው። «ስፖርት ይሠራሉ ወይ?» ስንል ሁሉም «ኧረ የለም» ይላል። በዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ (ጂፒኤኪው) ስንጠይቅ ደግሞ ገበሬው ሁሉ ከልክ በላይ ንቁ ሆኖ ይወጣል። ቦኖ፣ ወፍጮና ባጃጅ የገባላቸውን ቀበሌዎች ካልገባላቸው ጋር ብናነጻጽርም ልዩነት አይታይም። የት ላይ ነው የሳትነው?

ሞፈር
ያሳታችሁ «በተለመደው ሳምንት» የሚለው ቃል ነው። ገበሬ የተለመደ ሳምንት የለውም። ሰኔ ላይ እርሻ፣ ነሐሴ ላይ አረም፣ ኅዳር ላይ አጨዳ ነው፤ የካቲት ላይ የእርከን ሥራ ካልተጠራ ውሎው ሌላ ነው። በየወቅቱ ለይታችሁ ጠይቁ።

ሰዓቱንም አጣሩ። «ከ12 እስከ 5 ሰዓት አርሳለሁ» ያለ ሰው 5 ሰዓት ተመዘገበለት እንበል። በሳምንት 4 ቀን ካረሰ 1,200 ደቂቃ ነው፤ ከባድ ሥራ በ8 ሜት (ሥራው ከዕረፍት ስንት እጥፍ ጉልበት እንደሚፈጅ የሚያሳይ መለኪያ) ስለሚባዛ 9,600 ሜት-ደቂቃ ይሆናል። በዚያ መሃል ግን በሬ መጥመድ አለ፣ ቁርስ አለ፣ በሬዎቹን ማሳረፍ አለ። ሞፈሩ በትክክል የሄደው 3 ሰዓት ተኩል ከሆነ 6,720 ነው። ዝቅተኛው መስፈርት በሳምንት 600 ሜት-ደቂቃ ስለሆነ ሁለቱም ያልፋሉ፤ ቀበሌን ከቀበሌ ስታነጻጽሩ ግን የማረፊያው ሰዓት ልዩነቱን ይውጠዋል።

«ያለፉት 7 ቀናት» ብትሉም በዓል ተጠንቀቁ። ቅዳሜና እሑድ ላይ 12 ሚካኤል ወይም 21 ማርያም ከተጨመረ በሬ የሚጠመድበት ቀን በጣም ያንሳል።

እንስራ
የቦኖው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። «ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» ከሆነ ጥያቄያችሁ፣ መልሱ ወረፋውንም ይዞ ነው የሚመጣው። ምንጩ ሩቅ በነበረ ጊዜ እግር የፈጀውን ሰዓት አሁን ቦኖው ላይ ጀሪካን ደርድሮ መቆም ይፈጀዋል። ሰዓቱ ያው፣ እርምጃው ግን የለም። ልዩነቱ የጠፋባችሁ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ ባዶ ጀሪካን ይዞ መሄጃው ስንት ደቂቃ ነው፣ ሞልቶ መመለሻው ስንት ነው፣ በቀን ስንት ምልልስ ነው። በገጠር የውሃ መስፈርት አንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ማግኘት አለበት። ለ5 ሰው ቤተሰብ 125 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 6 ምልልስ ገደማ ማለት ነው። ውሃው 1 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነና የምትቀዳው አንዲት ሴት ብቻ ከሆነች በቀን 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ግማሹን 20 ኪሎ አዝላ። ቦኖው 100 ሜትር ላይ ሲተከል 1.2 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ብዙዎቹ ቤቶች ርቀቱን ስለማይችሉት መስፈርቱን ያህል አይቀዱም፤ ምልልሱን ገምታችሁ ሳይሆን ጠይቃችሁ ሙሉ።

ባጃጁንም በወቅት ለዩት። ዋልካ አፈር ባለበት ክረምት ጭቃው ስለማያሳልፈው ሰው በእግሩ ነው ገበያ የሚወጣው።

ደጋማው
እናመሰግናለን፣ ወረፋውን አንድም ቀን አልለየነውም። በእርምጃ መቁጠሪያ ብንለካስ? ቦኖ ለገባላቸውስ ምን ብለን እንምከር?

ሞፈር
መሣሪያው ወገብ ላይ ይታሰር። የሴቶቹ ቀሚስ ኪስ ስለሌለው ስልክ ቤት ይቀራል፤ መቀነት ላይ ግን በደንብ ይይዛል። መሣሪያው የሚቆጥረው እርምጃን እንጂ ሸክምን አይደለም። ቁፋሮንና አጨዳን አሳንሶ ነው የሚያሳየው፤ መጠይቁን አይተካም።

እንስራ
«ሸክሙ ስፖርት ነበር» የሚል ምክር እንዳትሰጡ፤ አንገትና ወገብ የሚጎዳ ነገር ነው፣ መቅረቱ እሰየው ነው። የቀረው እግር ጉዞ ያለ ሸክም ይተካ። ለአዋቂ ሰው ዝቅተኛው በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ገበያ 45 ደቂቃ ርቆ ላለ ሰው በሳምንት አንዴ ደርሶ መልስ 90 ይሞላል፤ የቀረው 60 ደቂቃ ባጃጁን ግማሽ መንገድ ላይ በመውረድም ይገኛል። ከ2020ው መመሪያ ወዲህ «ከ10 ደቂቃ ያነሰ አይቆጠርም» የሚለው ቀርቷል፤ አጭሩም ይደመር።

በተጨማሪ ደም ግፊት የምትለኩ ከሆነ፣ ሰውየው ዳገት ወጥቶ ጤና ኬላ እንደደረሰ አትለኩት፤ ከጉዞው በኋላ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ የመጨረሻውን 5 ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ሳያወራ ይቀመጥ።