ሃይ-ስኮር 807 ዲያና 27 ነው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። እዚህ ሜሪላንድ ከአንድ ጎረቤት የጓሮ ሽያጭ ላይ አሮጌ የጀርመን የአየር ጠመንጃ ገዛሁ፣ በርሜሉን ወደ ታች አጥፈው የሚያጎርሱት ዓይነት። ላዩ ላይ "ሃይ-ስኮር 807" ይላል፣ የጀርመኑ ጠመንጃ ሠሪ የዲያና ስም ግን የትም የለም። እንደማውቀው ሃይ-ስኮር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ጀርመን ራስታት ከተማ ውስጥ የዲያና ፋብሪካ የሠራውን 27 ቁጥር ሞዴል አስመጥቶ አሜሪካ ውስጥ በራሱ ስም ይሸጥ ነበር። ከሰደፉ በላይ ብረቱ ላይ ግማሹን ዝገት የበላው የቁጥር ማህተም አለ፣ "63" ብቻ ይነበባል። የተሠራበት ዓመት ይሆን? ማህተሙ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ እስካሁን አልነካሁትም፣ በምን ላጽዳው? ደግሞ ሲተኮስ አቅም የለውም፣ አየሩን የሚገፋው ፒስተን ላይ ያለው ማሸጊያ ቆዳ ደርቆ መሰለኝ። ዘይት ይበቃዋል ወይስ ይቀየር? የምታውቁ በናታችሁ መልሱልኝ፣ ፎቶ እልካለሁ።