የኋላ ሾካ ማያያዣ ውስጥ የቀረ የኩሽኔታ ቀለበት እንዴት ይወጣል?

ሰላም የሞተር ባለሙያዎች፣ ከአዳማ ነው የምጽፈው። ባለ አንድ ሾካ (የኋላ ንዝረት መቀበያ) ሞተር ሳይክል ነው። ሾካውን ከኋላ ክንድ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ውስጥ ውሃና አቧራ ገብቶ ባለ መርፌው ኩሽኔታ ዝጓል። መርፌዎቹ ረግፈው ስስ ቀለበቱ አሉሚኒየሙ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በመዶሻ መምታት አልፈልግም፤ ቀዳዳው ከተቧጨረ አዲሱ ጠብቆ አይቀመጥም።

ያሰብኩት በ10 ሚሊ ብሎንና ዳዶ መሳብ ነው፦ በአንድ በኩል ከቀለበቱ ትንሽ የሚያንስ ቡሶላ (ክብ የብሎን መፍቻ)፣ በሌላው ቀለበቱን የሚቀበል ሰፊ ቡሶላ። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ መጀመሪያ 100 ዲግሪ ገደማ ላሙቀው? ወይስ ናፍታ ውስጥ ማሳደሩ ይበቃል?

ይበልጥ የጨነቀኝ ግን ይኼ ነው፦ የድሮው ኩሽኔታ ከሁለቱም ጫፍ 4 ሚሊ ገባ ብሎ ለጎማ ሲል (ውሃና አቧራ መከላከያው) ቦታ ይተዋል፤ ገበያ ያገኘሁት በ2 ሚሊ ይረዝማል። የጎማው ሲል በደንብ ካልተቀመጠ ውሃው ተመልሶ ይገባል። ልክ መጠኑን ልፈልግ ወይስ የሚያስኬድ መላ አለ? አዳማ ውስጥ ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት የምታውቁም ጠቁሙኝ።