የሰሊጥ ማበጠሪያዬን በፓተንት ላስመዝግብ ወይስ በግልጋሎት ሞዴል?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁ በጣም ያስፈልገኛል። ጎንደር፣ አዘዞ የብረታ ብረት ሥራ አለኝ። ከመተማ የሚመጣ ሰሊጥ ሲበጠር ወንፊቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚደፈን ማሽኑን እያቆሙ በእጅ መጥረግ ሠራተኛውን ያሰለቸዋል። እኔ ከወንፊቱ ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጡ የጎማ ምላሶችን ገጠምኩ። ወንፊቱ ወዲያ ወዲህ ሲል ምላሶቹ ቀዳዳውን ከታች ይጠርጉታል፤ ማሽኑ አይቆምም። ወንፊቱም ማራገቢያውም የቆየ ነገር ነው፤ አዲሱ መጥረጊያው ብቻ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት 15 ዓመት ይጸናል፣ ለ5 ዓመትም ሊራዘም ይችላል፤ ግን የፈጠራ ብቃት (ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ መሆን) ይጠይቃል። የግልጋሎት ሞዴል (ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ ጥበቃ) 5 ዓመት ሆኖ ለ5 ዓመት ይታደሳል። ለእኔ ሁለተኛው የሚሻል ይመስለኛል፤ ተሳስቼ መብቴን እንዳላጠብ ግን ሰጋሁ።

የቸገረኝ ማመልከቻው ላይ ጥበቃ የምጠይቅበትን ወሰን የሚገልጸው ክፍል ነው። «ጎማ» ብዬ ብወስነው ሌላው በብሩሽ ሠርቶ ያመልጠኛል፤ አስፍቼ ብጽፈው ደግሞ የነበረ ነገር ነው ይሉኛል። ማሽኑን በባዛር ያየ አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ሄዷልና ጊዜ የለኝም። ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የምስክር ወረቀት ያገኛችሁ፣ ይህን ክፍል እንዴት ጻፋችሁት? ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የምታውቁም እባካችሁ ጠቁሙኝ።