ክርክር፦ ሰው ለራሱ ታሮት ሲያወጣ ሳያዳላ ማንበብ ይችላል?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። ታሮት ማለት ጥያቄ ይዘው አውጥተው ትርጉማቸውን የሚያነቧቸው 78 ባለሥዕል ካርዶች ናቸው። አንዱ ወገን «ለራስ ካርድ ማውጣት ከሳሽም ዳኛም ሆኖ ችሎት መቀመጥ ነው፣ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ» ይላል። ሌላው «ሥርዓት ከተበጀለት ይቻላል» ባይ ነው። ስድብ የለም፣ «ላውጣላችሁ፣ በውስጥ አናግሩኝ» የሚል ማስታወቂያም የለም።

ሊያ፦ አይቻልም ባይ ነኝ። በአንድ ካርድ ላሳያችሁ። በ1909 በለንደን በታተመው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሣለችው ካርድ የዋንጫ አምስትን ተመልከቱ። ጥቁር ካባ የደረበ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከፊቱ ሦስት ዋንጫዎች ተደፍተዋል፣ ከኋላው ሁለቱ እንደቆሙ ናቸው፣ ራቅ ብሎ ድልድይና ግንብ ይታያል። ጥያቄው «ይመለሳል ወይ?» ከሆነ ተስፋ ያላት ሴት ዓይኗ ወደ ሁለቱ ዋንጫዎችና ወደ ድልድዩ ይሮጣል። የፈራችው የተደፉትን ብቻ ታያለች። ለደንበኛ ስታነቡ አምስቱንም ትቆጥራላችሁ። 13ኛው ካርድ፣ ሞት፣ ለራስ ሲወጣ ሁልጊዜ «ለውጥ ነው፣ አዲስ ምዕራፍ ነው» ይባላል። ለጓደኛ ሲወጣ ግን «በቃ፣ አልቆለታል» ይሆናል።

ብሩክ፦ ሊያ፣ ያልሽው ሁሉ ያጋጥማል። ግን ጥፋቱ ስሜት መኖሩ ላይ አይደለም፤ ካርዱ ከተገለጠ በኋላ የሚወሰነው ነገር መብዛቱ ላይ ነው። ጥያቄው፣ የካርዱ ብዛት፣ እያንዳንዱ ቦታ የሚወክለው ነገር፣ ተዘቅዝቆ የወጣ ካርድ ይቆጠር አይቆጠር፣ ትርጉሙ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚወሰድ፣ ይሄ ሁሉ ካርዱ ከመነካቱ በፊት ወረቀት ላይ ይስፈር። ሁለት መስመር ይጨመርበት፦ «እንዲወጣልኝ የምመኘው ካርድ» እና «እንዳይወጣብኝ የምፈራው ካርድ»። ኋላ ትርጉሙን ስትጽፊ የትኛው ዓረፍተ ነገር ከካርዱ፣ የትኛው ከምኞትሽ እንደመጣ ከእነዚያ መስመሮች ጋር አስተያይተሽ ትለዪዋለሽ።

ጥያቄውም «ይመለሳል?» መሆን የለበትም። የሌላ ሰው ልብ ነዋ! እንኳን ለራስ ለደንበኛም አይጨበጥም። «ባለፉት ሦስት ወራት በዚህ ግንኙነት ውስጥ ሳላስተውል ያለፍኩት ምንድን ነው?» ቢባል ጊዜው ተወስኗል፣ የሚመለከተውም ጠያቂዋን ነው።

ካርዱ ሲገለጥ መጀመሪያ የሚታየው ብቻ ይጻፍ፦ ስንት ሰው አለ፣ ፊቱን ወዴት አዙሯል፣ እጁ ላይ ምን ይዟል፣ ሰማዩ ምን ይመስላል። «ሦስት የተደፉ፣ ሁለት የቆሙ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱን ሊዘላቸው አይችልም። ትርጉሙ ቀጥሎ ይመጣል፣ እሱም «እኔ» ሳይሆን «ጠያቂዋ» እየተባለ። ይህ የካርድ አንባቢዎች ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከራሳቸው ይልቅ ስለ ሌላ ሰው የፍቅር ችግር በተሻለ ጥበብ እንደሚያስቡ፣ የራሳቸውንም ጉዳይ ራቅ ብለው እንደ ሌላ ሰው ሲያዩት ልዩነቱ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ስያሜውን የሰጡት በንጉሥ ሰሎሞን ነው፤ ለሌላው ሲፈርድ ጠቢብ፣ የራሱ ቤት ግን ያልሆነለት።

ቃልኪዳን፦ ማዳላት አለማዳላት ምን ይፈይዳል? ዘዳግም 18፥10 ሟርተኛ በመካከልህ አይገኝ ይላል። በሥርዓት የተጠነቆለ ጥንቆላም ያው ጥንቆላ ነው።

አወያይ፦ ቃልኪዳን፣ አቋምሽ ተመዝግቧል። ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለብቻው እንከፍተዋለን።

ሀና፦ ብሩክ የዘለለውን ልጨምር። ለራስ ሲነበብ ነገር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ «ማብራሪያ» ተብሎ በሚጨመረው ካርድ ነው። ካርዱ ደስ ካላለን አንድ እንስባለን፣ እሱም ካልጣመን ሌላ። ሒሳቡን እዩት፦ ከ78ቱ ካርዶች 20ው ለጥያቄያችሁ «መልካም ዜና» ናቸው እንበል። በአንድ ካርድ ከእነሱ አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ 26 በመቶ ገደማ ነው። ሦስት ብታወጡ ቢያንስ አንዱ የመውጣቱ ዕድል 59 በመቶ፣ አምስት ብታወጡ 78 በመቶ ይደርሳል። ማለትም እስኪጣፍጥ ድረስ ጨው እንደሚጨመርበት ወጥ፣ መጨረሻ ላይ የምትቀምሱት ራሳችሁ የጨመራችሁትን ነው። ማብራሪያ ካርድ የሚፈቀድ ከሆነ ብዛቱ አስቀድሞ ይጻፍ፤ የወጣው ሁሉም ይነበብ።

አበዋወዙም ቀላል ነገር አይደለም። ዴቭ ባየርና ፐርሲ ዲያኮኒስ እ.ኤ.አ. በ1992 52 ካርታ ደህና እንዲቀላቀል፣ ለሁለት ከፍሎ ሁለቱን ክምር በአውራ ጣት እየለቀቁ ማጠላለፍ ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ለ78 ስምንት ዘጠኝ ጊዜ በሉት። መዳፍ ላይ ከላይ ከላይ እያነሱ መጣል ግን ትናንት አጠገብ ለአጠገብ የነበሩትን ካርዶች ዛሬም አብረው ያወጣቸዋል፣ ከዚያ «ካርዶቹ ያንኑ ደገሙልኝ» ይባላል። ደግሞ ማጠላለፍ የካርዱን አቅጣጫ አይቀይርም። የተዘቀዘቀ የምትቆጥሩ ከሆነ ግማሹን ክምር አዙራችሁ ከዚያ በውዙ፤ አለዚያ ዛሬ የተዘቀዘቁት ባለፈው የተዘቀዘቁት ብቻ ይሆናሉ። የታሮት ካርድ ትልቅ ስለሆነ እጅ ለሚያንሰው፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ በጀርባቸው ዘርግቶ በሁለት መዳፍ ደህና አድርጎ ማተራመስ ይሻላል። አቅጣጫውንም አብሮ ይቀላቅላል።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው፤ ሆኖም ሁላችሁም አንድ ነገር፣ ካርዱ ስለ ጠያቂው ያውቃል የሚለውን፣ ተቀብላችሁ ነው የተነሳችሁት። በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጥቶ «የየግላችሁ ውጤት» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ ስጡ ሲላቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካ የታደለው ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ኖሯል፣ እሱም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቃቀመ። ስለዚህ ብሩክ ያለውን ሁሉ የፈጸመ ሰውም «በትክክል ገለጸኝ» ቢል ገና ምንም አላሳየም።

«ይህ ካርድ እየተከተለኝ ነው» የምትሉትንም ተዉት። በየቀኑ አንድ ካርድ አውጥቶ መልሶ የሚበውዝ ሰው በ11 ቀን ውስጥ ከካርዶቹ አንዱ ሁለት ጊዜ የመውጣቱ ዕድል ከግማሽ በላይ፣ 52 በመቶ ነው።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚጠይቁት ካርዱ ያውቃል ወይ ነው። የእኛ ጥያቄ አንባቢው ያዳላል ወይ ነው። ካርዱ ምንም ባያውቅ እንኳ ሰውየው ያላሰበበትን ጎን እንዲያስብ ያስገድደዋል፣ ያኔም ማዳላቱ ጉዳት አለው።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሁን። ግን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መፈተን ይቻላል። አንተ ጥያቄህን ይዘህ ካርድ ሳትገልጥ ታወጣለህ። ሌላ ሰው ደግሞ ለምንም ያልታሰበ ሁለተኛ ካርድ ያወጣል። ያ ሰው አስቀድሞ ከተመረጠው መጽሐፍ የሁለቱንም ትርጉም፣ የካርዱን ስም ሳይጠቅስ፣ «ሀ» እና «ለ» ብሎ ገልብጦ ይሰጥሃል። ቅደም ተከተሉን በሳንቲም ይወስን። የትኛው ያንተ እንደሆነ ምረጥ። በ10 ጥያቄ በዕድል ብቻ አምስቱን ታገኛለህ፤ ስምንትና ከዚያ በላይ በዕድል የሚመጣው ከ100 ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስቱ ነው። ሁለቱም ጽሑፎች እኩል «እኔን ነው» ካስባሉህ ደግሞ ትርጉሙን የምታቀብለው አንተው ነህ።

ሀና፦ ብቻውን የሚኖር ሰውስ፣ ጋሼ? ሁለቱንም ራሱ ጽፎ ፖስታ ውስጥ ቢያሽግና ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢከፍተው?

ጋሽ ታደሰ፦ አይሆንም። የጻፈውን ያስታውሳል፤ ባያስታውስም ለራሱ ካርድ ሲጽፍ ተጠንቅቆ፣ ለሌላው ለወጉ ያህል ስለሚጽፍ ከአጻጻፉ ያውቀዋል። ሌላ ሰው ግድ ነው።

ሊያ፦ እሰይ! ዞሮ ዞሮ ሌላ ሰው ግድ ነው ተባለ። ካልኩት ወዴት ሄደ? ደግሞ ሥርዓቱ የሚጠበቀው ነገሩ ቀላል ሲሆን ነው። የሥራ ለውጥን እሺ ልበል። የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው፣ ትናንት የተለየ ሰው፣ እንዲህ ያለው ካርዱ ካልጣመው ወረቀቱን ቀዶ በሌላ ቃል እንደገና ይጠይቃል። የጤና ጥያቄማ ለራስም ለሌላም መነበብ የለበትም፣ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው።

ብሩክ፦ በጤናው አልከራከርሽም። ሌላው ሰው የተፈለገው ግን ለመፈተሽ እንጂ ለማንበብ አይደለም፤ ታሮት የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ጎረቤትም መጽሐፍ መገልበጥ ከቻለ ይበቃል። እንደገና መጠየቁን በተመለከተ ደንቡ አብሮ ይጻፍ፦ በጉዳዩ ላይ አዲስ ነገር፣ ማለትም ደብዳቤ፣ ስልክ፣ ውሳኔ፣ እስካልመጣ ድረስ ያው ጥያቄ በሌላ ቃል ተለውጦም አይጠየቅ። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ደግሞ ካርዱ ሳይገለጥ ፎቶ አንስታችሁ ለአንድ ሰው ላኩት። ያ ሰው ምንም መልስ ባይሰጥ ግድ የለም።

ሊያ፦ ለጎረቤቱ «ይመለሳል ወይ» የሚለውን ጥያቄ ማን ደፍሮ ያሳያል?

ሀና፦ ጥያቄውን ማሳየት አያስፈልግም እኮ። እሱ የሚያየው ሁለት ካርድና አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው።